የጨዋታ መረጃ በጽሑፍ፣ በሰዓቱ፣ ከነእርማቱ ይውጣልን

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
ለኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር
ለየክለቦቹ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች
እንዲሁም የደጋፊ ቻናልና ግሩፕ ለምታስተዳድሩ ሁሉ

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ስለ አገራችን ኳስ በፌስቡክና በቴሌግራም ለዓመታት ስናወራ የኖርን ደጋፊዎች ነን። ስለ ውጤት አቤቱታ አላመጣንም፤ ስለ አሰልጣኝ ምርጫም አንጽፍም። የምንጠይቀው ደጋፊው በየቀኑ የሚነጋገርበትን መረጃ ከምንጩ፣ በሚነበብ ጽሑፍ፣ በሰዓቱ እንድታወጡልን ነው። ስህተት ሲገኝም እርማቱ በግልጽ ይቀመጥልን።

የደጋፊ ወግ ቀኑን ሙሉ የራሱ ሰዓት አለው። ጠዋት ማን እንደተጎዳ፣ ማን በቅጣት እንደማይሰለፍ ይጠየቃል። ጨዋታው አንድ ሰዓት ሲቀረው አሰላለፍ ይፈለጋል። በእረፍት ክርክሩ በዳኛው ላይ ነው፤ ፊሽካው እንደተነፋ ደግሞ የደረጃ ሠንጠረዥ ይሰላል። ማታ የዝውውር ወሬ ይነሳል። በእነዚህ ሰዓቶች ላይ ከባለቤቱ አንድ አጭር ጽሑፍ ከመጣ ክርክሩ ስለ ኳሱ ይሆናል። ካልመጣ ክፍተቱን የሚሞላው ቀድሞ የጻፈ ሰው ነው፤ ቀድሞ የሚጽፈው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የገመተው ነው። ግምቱ በስክሪንሾት ይዞራል፣ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲሻገር ምንጩ ይጠፋል፣ ማታ ላይ እርግጠኛ ወሬ ሆኖ ይመለሳል።

ከካርድ እንጀምር፤ ያስከፈለንን ዋጋ ሁላችንም እናውቀዋለንና። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። ምንያህል ተሾመ ቀደም ባሉት የማጣሪያ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ ስለነበረበት በዚያ ቀን መሰለፍ አልነበረበትም፤ ግን ተሰለፈ። ሰኔ 9 ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ስናሸንፍ የእኛ ነጥብ 13፣ የእነሱ 8 ሆነ። አንድ ጨዋታ እየቀረ አለፍን ተብሎ ከተማው በደስታ ተጥለቀለቀ። በዚያው ቀን ፊፋ ጉዳዩን እየመረመረ መሆኑ ተሰማ። በመጨረሻም የቦትስዋናው ጨዋታ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተቆጥሮ ነጥባችን ወደ 10 ወረደ። ምድቡን በአንደኝነት የጨረስነው ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 አሸንፈን ነው። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን ያኔ አምኖ ተቀብሏል፤ ዛሬ የምናነሳው እንደገና ለመውቀስ አይደለም።

የምናነሳው እንዲህ ያለውን ስህተት ማስቀረት ምን ያህል ትንሽ ሥራ እንደሆነ ለማሳየት ነው። ሰባት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይበቃል፦ ቀን፣ ተጋጣሚ፣ የተጫዋቹ ስም ከነአባቱ፣ ደቂቃ፣ የካርዱ ዓይነት፣ በዚህ ውድድር እስካሁን ያለበት ድምር፣ በመጨረሻም «ለቀጣዩ ጨዋታ ይሰለፋል» ወይም «አይሰለፍም» የሚል። ቆጠራው የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። አንደኛው በማጣሪያ ጨዋታዎች መካከል ብዙ ወራት ማለፋቸው ነው፤ ያለፈው ካርድ ከሰው ትዝታ ይወጣል። ሁለተኛው፣ በእኛ ግምት ዋናው፣ የውድድሮች መደባለቅ ነው። በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ቡድናችን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያዎች መሃል የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያና ራሱን የአፍሪካ ዋንጫን ተጫውቷል። የአንዱ ውድድር ካርድ በሌላው አይቆጠርም፤ አንድ ወጥ ዝርዝር ይዞ የሚቆጥር ሰው ግን ወይ ይደምረዋል፣ ወይ ሁሉም ተሰርዟል ብሎ ያስባል። ሦስተኛው በአንድ ጨዋታ በሁለት ቢጫ የመጣ ቀይ ነው። እሱ የራሱ ቅጣት ስላለው፣ ሁለቱን ቢጫዎች ከሌላ ቀን ቢጫ ጋር የሚደምር ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል።

ሠንጠረዡ ከእያንዳንዱ ጨዋታ ማግስት በይፋ ገጽ ላይ ቢለጠፍ የሚመለከተው አንድ ጸሐፊ ብቻ አይሆንም። በየግሩፑ የእያንዳንዱን ጨዋታ ደቂቃ በቃሉ የያዘ ደጋፊ አለ። ስህተት ካለ በሰዓታት ውስጥ ይነግራችኋል፤ ቡድኑ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት። ለሊጉም እንደዚያው ነው። በስንት ቢጫ አንድ ጨዋታ እንደሚያስቀጣና ቆጠራው መቼ እንደሚሰረዝ በየዓመቱ መጀመሪያ ከደንቡ ላይ ተቀንጭቦ በሁለት መስመር ይጻፍ።

ቀጥሎ ሰዓት ነው። «ጨዋታው 10:00 ይጀምራል» የሚል ማስታወቂያ ለአዲስ አበባ ሰው ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ሰዓቱ በግሪንዊች አቆጣጠር ከተሠራ መርሐ ግብር ተገልብጦ ከሆነ ግን በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ይሆናል። ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ ውጭ አገር ሲያደርግ ነገሩ ይብሳል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌ ላይ በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ የማላዊ ሰዓት ከእኛ በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን የማላዊ፣ የግሪንዊችና የእኛ፣ ሦስት ሰዓት በአንድ ላይ ይዞራል።

ስለዚህ ማስታወቂያው ይህን መልክ ይያዝ፦ «እሑድ የካቲት 9 ቀን (ፌብሩዋሪ 16)፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፤ በምሥራቅ አፍሪካ አቆጣጠር 16:00፣ በግሪንዊች 13:00»። የግሪንዊቹ ቁጥር ከተጻፈ በውጭ ያለው ወገን ሁሉ የራሱን ያሰላል። ሪያድ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ዱባይ በ1 ሰዓት ይቀድመናል። ዋሽንግተን ሰዓታቸውን ወደፊት ባዞሩበት ጊዜ በ7፣ በሌላው ጊዜ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ለንደን በ2 ወይም በ3። ቴል አቪቭም ከፊል ዓመቱን እኩል፣ ከፊሉን በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። አሜሪካ ሰዓቷን የምታዞረው በማርች ሁለተኛ እሑድ፣ አውሮፓ ደግሞ በወሩ መጨረሻ እሑድ ስለሆነ፣ በመካከሉ ባሉት ሳምንታት ባለፈው ወር የሠራው ስሌት አይሠራም። ብዙ የማጣሪያ ጨዋታ የሚደረገው ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው።

ቀኑን ስትጽፉ የሳምንቱን ዕለት አትተዉ። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ከመስከረም እስከ የካቲት የፈረንጆቹ ቀን በአንድ ይገፋል። ቀጣዩ በ2020 ዓ.ም. መጀመሪያ ይመጣል፤ ከአሮጌ ሠንጠረዥ የሚገለብጥ ያኔ በአንድ ቀን ይሳሳታል። ዕለቱ ከተጻፈ ግን ስህተቱ ወዲያው ይታያል።

የውድድር ዘመን አጠራርም ከዚሁ ጋር ይታይ። የእኛ ሊግ ከመስከረም ወይም ከጥቅምት ጀምሮ ክረምቱ ሳይገፋ ስለሚያልቅ በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ይጠቃለላል። በፈረንጆቹ ግን ሁለት ዓመት ይነካል። ኢትዮጵያ ቡና ዋንጫ ያነሳበት 2003 ዓ.ም. በውጭ መዝገብ 2010/11 ነው፤ የፋሲል ከነማው 2013 ዓ.ም. ደግሞ 2020/21። ደንቡ ቀላል ነው፦ ከመጀመሪያው የፈረንጅ ዓመት 7 ይቀነስ። ከሁለተኛው ላይ 7 የቀነሰ ሰው የቡናን ዋንጫ ወደ 2004 ያሻግረዋል፤ ከዚያ ወዲያ «ማን በስንት ዓመት በላ» የሚለው ክርክር ማብቂያ የለውም። በይፋ ገጾች ሁለቱም ጎን ለጎን ይጻፉ።

አሰላለፍን በተመለከተ ልመናችን ጠንከር ያለ ነው። በሥዕል ብቻ አታውጡት። ያማረው ፖስተር ይቀጥል፤ ከሥሩ ግን ስሞቹ በጽሑፍ ይዘርዘሩ። አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ያህል ይይዛል፤ የ11 ተሰላፊዎችና የ9 ተቀያሪዎች ስም ከነአባታቸው ተጽፎ 1 ኪሎባይት አይሞላም። ሥዕሉ ከመቶ ኪሎባይት በላይ ነው። ስታዲየም ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ስልክ በአንድ ጊዜ ኔትወርኩን ሲሻማ ጽሑፉ ይደርሳል፣ ሥዕሉ ሲሽከረከር ጨዋታው ይጀመራል። ዓይነ ስውር ደጋፊዎች ስልካቸው የሚያነብላቸው ጽሑፍን ነው፤ ሥዕል ላይ ያለውን ስም ብዙ ጊዜ አያገኙትም። ከወራት በኋላ «ያን ቀን ማን በረኛ ነበር» ብሎ የሚፈልግ ሰውም ሥዕል ውስጥ ያለውን ቃል ፈልጎ አያወጣም።

ፍለጋ ካልን የፊደል ነገር አለ። ሀዋሳ፣ ሃዋሳ እና አዋሳ ለእኛ አንድ ከተማ ናቸው፤ ለስልኩ መፈለጊያ ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት። ፀጋዬና ጸጋዬ፣ ኃይሉና ሀይሉም እንደዚያው። ክለቡ በዓመቱ መጀመሪያ የተጫዋቾቹን ስም ራሳቸውን ጠይቆ በአንድ አጻጻፍ ይመዝግብ፤ ከዚያ በኋላ አሰላለፍ፣ ጎል አግቢ፣ ካርድና ዝውውር ሁሉ በዚያው አጻጻፍ ይውጣ። የላቲኑን ፊደልም አብሮ ይወስን። የአባት ስም መተው የለበትም። የውጭ ዘጋቢዎች የአባትን ስም ብቻ ይጠቀሙና ሽመልስን «በቀለ» ይሉታል፤ እኛ ደግሞ የራሱን ስም ብቻ እንጠራለን። ሙሉ ስሙ በይፋ ካልተጻፈ ሁለቱ ዜና ስለ አንድ ሰው መሆኑን አዲስ ተከታይ አያውቅም።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የሊጉ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ መታየት ከጀመሩ ወዲህ፣ ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰባስበው የሚጫወቱበት ሥርዓት ተለምዷል። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማና ሀዋሳ ተራቸውን አስተናግደዋል። በዚህ ሥርዓት ባለሜዳው ማን እንደሆነ ከከተማው አይታወቅም። በጽሑፍ ካልተገለጸ አንዱ «2 ለ 1» ሲል ሌላው «1 ለ 2» ይላል፤ የሜዳና ከሜዳ ውጪ ውጤት የሚመዘግቡ ደጋፊዎችም ሠንጠረዣቸው ይዛባል። ባለሜዳውን ሁልጊዜ በመጀመሪያ ጻፉ፤ ከውጤቱ ጎን የተጫወቱበት ከተማ ይግባ።

የነጥብ እኩልነት ሲመጣም ክርክሩ የሚነሳው ከደንብ እጦት ነው። በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ እኩል ነጥብ ያላቸው ቡድኖች በቅድሚያ የሚለዩት እርስ በርስ ባደረጉት ጨዋታ ነው። በአፍሪካ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደግሞ አጠቃላይ የጎል ልዩነት ይቀድማል። ሁለቱ ማጣሪያዎች ስለሚፈራረቁ በየዓመቱ ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል፤ ሁለቱም ወገን እውነተኛ ደንብ ይዟል፣ አንደኛው የያዘው ግን የሌላውን ውድድር ደንብ ነው። ከምድቡ የመጨረሻ ጨዋታ በፊት «እኩል ከሆንን መለያው ይህ ነው» የሚል ሦስት መስመር ከፌዴሬሽኑ ቢወጣ ነገሩ ያልቃል።

መጋቢት 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አቢጃን ላይ በኮትዲቯር 3 ለ 1 እየተመራን ሳለ ዳኛው በጠና ታመው ወደቁ፤ 10 ደቂቃ ገደማ እየቀረ ጨዋታው ተቋረጠ። በዚያው ሰዓት ማዳጋስካር ከኒጀር ጋር እየተጫወተች ነበር። እኛ 9 ነጥብ፣ እነሱ 7 ነበራቸው፤ ቢያሸንፉ 10 ይገቡና ይቀድሙን ነበር። 0 ለ 0 ጨረሱና በ8 ቀሩ፤ ለካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። እንዲህ ባለ ምሽት ደጋፊ የሚፈልጋቸው አራት ነገሮች ናቸው፦ የዳኛው ጤንነት፣ የተቋረጠ ጨዋታ በደንቡ ምን እንደሚሆን፣ የሌላው ሜዳ ውጤት ከነደቂቃው፣ በእያንዳንዱ ውጤት የእኛ ዕጣ። ሦስተኛውና አራተኛው ቀድመው ተሰልተው ሊቀመጡ ይችላሉ፤ የመጨረሻ ጨዋታ ቀን ከመድረሱ በፊት አዘጋጅታችሁ ያዙት።

ዝውውር ላይ የምንጠይቀው ደረጃውን እንድትለዩልን ነው። «ተነጋገረ»፣ «ተስማማ»፣ «ፈረመ» እና «ተመዘገበ» አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከውጭ ክለብ ለሚመጣ ወይም ወደ ውጭ ለሚሄድ ተጫዋች ደግሞ ዓለም አቀፍ የዝውውር የምስክር ወረቀት ሳይደርስ መሰለፍ የለም። ውሉ የተፈረመበት ሳምንት ተጫዋቹ ያልተሰለፈው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ስላልደረሰ ነው፤ በግሩፑ ግን «ከአሰልጣኙ ጋር ተጣላ» ይባላል። ክለቡ «ፈርሟል፤ የምዝገባ ወረቀቱን እየጠበቅን ነው» ቢል የተጫዋቹ ስም አይነሳም። ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ልጆችን ፎቶና የትውልድ ሰፈር ግን አደራ፣ አታውጡ።

እርማት ሲኖር የቀደመውን ጽሑፍ ዝም ብላችሁ አታጥፉ። የጠፋው ጽሑፍ በስክሪንሾት መዞሩን ይቀጥላል፤ አሁን ደግሞ «አጠፉት፣ ስለዚህ እውነት ነበር» የሚል ይጨመርበታል። እዚያው ላይ «እርማት» ብላችሁ የተሳሳተውንና ትክክለኛውን ጎን ለጎን ከነሰዓቱ ጻፉ። ከአሮጌው ጽሑፍ ሥር ምላሽ አድርጋችሁም ለጥፉት፤ ቀድሞ ፎርዋርድ ያደረገው ሰው የሚያገኘው በዚያ መንገድ ነው።

አሁን ወደ እናንተ፣ ግሩፕ ወደምታስተዳድሩት ወንድሞችና እህቶች። የሸገር ደርቢን (የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡናን ጨዋታ) በመሰለ ቀን ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው በተከታታይ እንዳይጽፍ የሚያዘገየውን ማስተካከያ ክፈቱ። ከሴኮንዶች እስከ 1 ሰዓት አማራጭ አለው፤ ለትልቅ ግሩፕ 30 ሴኮንድ ወይም 1 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሰው ጎሉን ለማክበር እንኳ ስለማይችል ግሩፑን ጥሎ ይወጣል። አዲስ የገባ ሰው ሊንክና ቪዲዮ እንዳይለጥፍ ለጊዜው ዝጉበት። የአሮጌ ጠብ ቪዲዮ የዛሬ ተደርጎ የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ በእነሱ በኩል ነው። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በየስታዲየሙ ጠብ ተነስቶ ጨዋታዎች የተስተጓጎሉበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ፤ ያኔም በየገጹ የሚጻፈው ስድብ እሳቱን ያራግብ ነበር። በብሔር፣ በሃይማኖትና በእናት የሚሳደብን ጽሑፍ ጨዋታው እስኪያልቅ አትጠብቁት፤ ከደቂቃዎች በላይ ከቆየ መልስ ተሰጥቶበታል፣ መልሱም ሌላ መልስ ወልዷል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው ላይ ቅጣቱን እንደሚያከብድም እወቁ።

«ፊክስድ ማች (ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ ጨዋታ) እንሸጣለን» የሚሉትን ያለማመንታት አስወጡ። አሠራራቸው ይታወቃል፦ ለግማሹ ሰው «ይህ ያሸንፋል»፣ ለሌላው ግማሽ ተቃራኒውን ይልካሉ። ትክክል የደረሰው ሰው ተገርሞ ለሚቀጥለው ይከፍላል፤ የተሳሳተው ይታገዳል። በገጻቸው የሚቀረውም የያዘው ብቻ ነው፤ ያልያዘው ጠፍቷል፣ ወይም ከጨዋታው በኋላ ተስተካክሏል። የልጆቻችን የትምህርት ቤት ገንዘብ በዚህ እየሄደ ነው።

የሴቶች ፕሪምየር ሊግና የከፍተኛ ሊግ ደጋፊዎች የሚፈልጉትም ይኸው ነው። ካሜራ በማይገባበት ሜዳ ውጤት የሚሰማው በሰው ስልክ ስለሆነ ለእነሱ የጽሑፍ መረጃ ከማንም በላይ ያስፈልጋቸዋል። አንድ ሰው ስልክ ይዞ ከኮሚሽነሩ አጠገብ ተቀምጦ ጎል አግቢን፣ ደቂቃን፣ ካርድንና ቅያሪን ቢጽፍ በጀት አይጠይቅም።

ሥራውን በአንድ ጊዜ ጀምሩ አንልም። ከሚቀጥለው የጨዋታ ሳምንት ጀምሮ ሦስት ጽሑፎች ይውጡ፦ ከጨዋታው 1 ሰዓት በፊት አሰላለፍ፣ ጨዋታው ባለቀ በ15 ደቂቃ ውስጥ ውጤት ከነጎል አግቢና ካርድ፣ በማግስቱ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት የካርድ ሠንጠረዥ። የሠንጠረዡን ቅጽ አዘጋጅተን ለመስጠት፣ ካለፉት ዓመታት የሰበሰብነውን የጨዋታ መዝገብ ለማስረከብና በየሳምንቱ ስህተት ለመልቀም ፈቃደኞች ነን። በየመሥሪያ ቤታችሁ ለዚህ ሥራ የሚመደበው ባለሙያ ማን እንደሆነና በየትኛው ገጽ እንደምናገኘው አሳውቁን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የአገር ውስጥ እግር ኳስ ደጋፊዎች